የኋላ ረድፍ

«እታለም የለችም እንዴ?»

ፎቶው ታጥቦ፣ ተለቅ ተደርጎ ከወጣ በኋላ ሙሽራዋ የጠየቀችኝ ይህን ነው። እታለምማ ነበረች። በዚያ ፎቶ ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ፤ 41 ናቸው። እሷ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ፣ ከአንድ ቁመተ ረጅም አጎት ትከሻ ጎን ብቅ ብላለች። ነጠላዋ ይታያል፤ ጥለቱ ሳይቀር ይለያል። ፊቷ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ግን ጥቁር ነው። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የሙሽራዋ አያት ደግሞ ከመንጣታቸው የተነሳ ጉንጫቸው የት ጋ አልቆ ነጠላቸው የት ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። አንዷን አጨልሜ ሌላዋን አቃጥያለሁ፤ ያውም በአንድ ብልጭታ።

ቀኑ መልስ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን። እታለም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ከምድጃው ሥር አልተነሳችም። ሽንኩርቱን ያቁላላችው፣ ዶሮውን የበለተችው እሷ ናት። «ፎቶ! ፎቶ! ኑ እንጂ!» ሲባል እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች መጣችና ማንም ሳይነግራት ከኋላ፣ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች። ማንም ሳይነግራት የሚለው ይሰመርበት። በእኛ አገር የቡድን ፎቶ ላይ ቦታ የሚመድበው ፎቶ አንሺው አይደለም። ለሽማግሌና ለባልቴት ወንበር ይመጣል፣ ሕፃናት ከእግራቸው ሥር ይኮለኮላሉ፣ ሙሽሮች መሐል ይገባሉ፣ ሚዜዎች ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ የቀረው እንደ ዝምድናው ቅርበትና እንደ ልብሱ አዲስነት ራሱን ደርድሮ ይቆማል። ፎቶ አንሺው የሚደርሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። (በአማርኛ ፎቶ «እንነሳለን» መባሉ ሁሌ ያስቀኛል። ወንበር ላይ የተቀመጠውም ይነሳል።)

እኔ ደግሞ ብርሃን ይዤ ደርሼ ያንኑ አሰላለፍ አጠበቅሁት።

የፍላሽ ብርሃን ሲርቅ የሚደክምበት ልክ አለው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ግማሽ አይሆንም፤ ሩብ ነው የሚሆነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ጀርባዬ የቆርቆሮ አጥሩን ነክቷል፤ ወደ ኋላ የምሄድበት የለኝም። አያትየው ከእኔ ሦስት ሜትር፣ እታለም ስድስት ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ካሜራዬ አናት ላይ ከተሰካው ትንሽ ፍላሽ ለአያትየው አራት እጅ ሲደርሳቸው ለእታለም አንድ እጅ ደረሳት ማለት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አያትየው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እታለም የበረንዳው ጣሪያ ሥር ናት። ላላቸው ተጨመረላቸው።

ፀሐይ እንዲህ አታደርግም። ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በእሷ መለኪያ በአያትየውና በእታለም መካከል ያለው ሦስት ሜትር ከምንም አይቆጠርም፤ ለፊተኛውም ለኋለኛውም አንድ ዓይነት ብርሃን ነው የምትሰጠው። የማታዳላው ደግ ሆና አይደለም፤ ሩቅ ሆና ነው። በዚያን ቀን እታለምን የከለከላት የበረንዳው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን ደግሞ የሠራነው እኛ ነን።

«ፊት» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይይዛል፤ ዓይንና አፍንጫ ያለበት ገጽም ነው፣ የኋላ ተቃራኒም ነው። ስለ ፍርድ ስናወራ «ለሰው ፊት አያዳላም» እንላለን፤ ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ነው። ፀሐይ እንዲህ ያለች ዳኛ ናት፤ ችግሩ ግን ለፊት አለማዳላቷ ቃል በቃል መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ፈቀቅ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህም ሚያዝያ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናታችን በላይ ቀጥ ትላለች፤ ሰው የገዛ ጥላውን ረግጦ ይቆማል። የፋሲካ ማግሥት ሠርግ የሚጎርፈውም በዚያው ሰሞን ነው። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ግንባርን፣ የአፍንጫን ጫፍና የጉንጭን አጥንት ያበራና የዓይንን ጉድጓድ ዘሎት ያልፋል። ቅንድብ እንደ ታዛ ይጋርዳል። የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ወርዶ ሪዝ ለሌላት ሙሽራ ሪዝ ያበቅላል። 41 ሰው እኩል ዓይኑን ያጣል። ፍትሕ ነው፤ ግን በፎቶው ውስጥ ማንም ማንንም አያይም።

ፍላሽ በአንጻሩ ለፊት ያዳላል፤ በቃሉ በሁለቱም ትርጉም። ዓይንን ከጉድጓዱ ያወጣል፣ የብሌኑ ጥቁረት ላይ ነጥብ ብርሃን ያስቀምጣል፣ ሰውዬው ሕያው መሆኑን ያሳያል። ግን ከፊት የተቀመጠውን ያስቀድማል። ቅርብ የሆነ ፍቅር እንዲህ ይመስለኛል። ስምህን ያውቃል፣ ጉንጭህ ላይ ያለውን ጠባሳ ያውቃል፤ ከአጠገቡ ራቅ ብለህ በቆምክ ቀን ግን ሩብህ ብቻ ይቀርሃል።

ከዚያ ፎቶ በኋላ ተናድጄ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ለተወሰኑ ዓመታትም «ፈጣሪ የሰጠው ብርሃን ምን ጎደለው?» ከሚሉት ባልደረቦቼ ወገን ሆንኩ። ያለ ፍላሽ መሥራት ይቻላል። ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ማንሳት ነው፤ ካልሆነ ከዋርካ ወይም ከዝግባ ጥላ ሥር ማስገባት፣ ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳ ፊት ማቆም። አንድ ጊዜ አራት ሚዜዎች ጋቢ ዘርግተው ከሙሽሮቹ እግር ሥር ይዘውልኝ፣ ከጋቢው ላይ ነጥሮ የወጣው ብርሃን የሁለቱን ፊት ከሥር ወደ ላይ አብርቶት ነበር፤ እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግን ለ41 ሰው የሚሆን ጋቢ ከየት ይመጣል? ሠርግም የፎቶ አንሺን ሰዓት አይጠብቅም። ቄሱ ሲጨርሱ፣ ክትፎው ሳይቀዘቅዝ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይሰለቹ መነሳት አለበት፤ ያ ሰዓት ሁሌም ቀትር ነው።

ደግሞም «የተፈጥሮ ብርሃን እውነት ነው፣ ፍላሽ ማታለል ነው» የሚለው አባባል ቀረብ ብለው ሲመረምሩት አይቆምም። በጠራራ ፀሐይ ከሰው ጋር ቆመህ ስታወራ ዓይኑ ጠፍቶብህ ያውቃል? አያውቅም። ዓይንህ ከሰማዩ ወደ ፊቱ ሲወርድ ራሱን ያስተካክላል፤ አእምሮህም የቀረውን ያሟላል። ይህን ሁሉ ሳታስበው ታደርገዋለህ፤ ማታ ቤትህ ገብተህ ስታስታውሰውም የሰውዬው ዓይን አለ። ካሜራ ግን ሰማዩንም፣ ነጠላውንም፣ ጥላ ውስጥ ያለውንም ፊት በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መጠን ነው የሚያየው። ነጠላው እንዳይቃጠል ሲጠነቀቅ ፊቱ ይሰምጣል፤ ፊቱን ሲያወጣ ሰማዩ ይነጣል። እንግዲህ ፍላሹ ያልነበረ ነገር አላመጣም፤ አንተ ያየኸውን፣ ካሜራው ያላየውን መለሰለት። ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው የተረጎመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዳንዴ እውነቱን ለማድረስ ቃል መጨመር ግድ ይሆናል።

የእኛ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ጠይም ፊት በነጭ ልብስ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ፊቱ የቆመው ነገር ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፤ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። አንድ ቤተሰብ ነጭ በነጭ ለብሶ ፊቱ ሲቆም መለኪያው ይደነግጣል። «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጠላው አመድ፣ ፊቱ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ይህ የመሣሪያው ጠባይ ነው ብለን እንዳናልፈው ደግሞ የሰው እጅ ያለበት ታሪክ አለ። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ይልከው በነበረው ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም በአንዲት ሞዴል ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ ከተስተካከለ ፎቶው ተስተካከለ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው በተነሱት የክፍል ፎቶ ላይ ጥቁሮቹ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር። ካናዳዊቷ ምሁር ሎርና ሮዝ እንዳጠናችው፣ ኩባንያውን ቡናማ ቀለሞችን አጥርቶ የሚለይ ፊልም ወደ መሥራት ከገፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ አንዱ ቸኮሌት ከሌላው፣ አንዱ ጠረጴዛ ከሌላው በፎቶ አልለይ ብሏቸው። ጠረጴዛው አቤት የሚልለት አገኘ።

እናም ፍላሹን ከመሳቢያው አወጣሁት። (ዛሬ ለወጣቶች «ፍላሽ» ስላቸው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው የፋይል መያዣ ነው የሚመስላቸው። የእኔው የሚበራው ነው።)

ሁለቱን ብርሃን የማስታረቁ ሥራ ሲጀመር ግራ የሚያጋባው ሁለቱ በአንድ በር ገብተው የተለያየ ጠባይ ማሳየታቸው ነው። ፀሐይ በሩ እስከተከፈተ ድረስ እንደ ጅረት ትገባለች። ፍላሽ ግን ጎራ ብሎ ቡናውን እንኳ ሳይቀምስ የሚወጣ እንግዳ ነው፤ መጥቶ የሚሄደው የሰከንድ አንድ ሺህኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ነው። በሩ፣ ማለትም ሹተሩ፣ ለሰከንድ 60ኛም ይከፈት ለ200ኛ፣ ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ ሹተር የሚገዛው ፀሐይን ብቻ ሲሆን አፐርቸር፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ግን ሁለቱንም ይገዛል። ፀሐይን በጊዜ ልትቀንሳት ትችላለህ፤ ፍላሹን በጊዜ አትነካውም። ድንበርም አለው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሹተሩ ከ200ኛ ወይም ከ250ኛ ሰከንድ በላይ ከፈጠነ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ሳይገለጥ ፍላሹ ስለሚበራ የፎቶው ከፊል ጠቁሮ ይወጣል። አዳዲሶቹ ፍላሾች እየተርገበገቡ ይህን ድንበር ያልፉታል፤ የሚከፍሉት ግን ከጉልበታቸው ነው።

ፊት ላይ የሚገናኙት እነዚህ ሁለት ብርሃኖች እኩዮችም አይደሉም። የፀሐዩ ከስምንት ደቂቃ በፊት የተነሳ መንገደኛ ነው፤ አያትየው ገና «እስቲ ከዘራዬን አቀብሉኝ» ሲሉ መንገድ ጀምሯል። የፍላሹ እዚያው የተወለደ ነው። ሁለቱም አንድ ጉንጭ ላይ ደርሰው፣ አብረው ተመልሰው፣ አብረው ሌንሱ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ያወቅሁ ዕለት ለጥቂት ጊዜ ሰው ማንሳት አቅቶኝ ነበር፤ የማስበው ስለ መንገደኛው ብቻ ሆነ።

መጠኑን ያስተማረኝ ግን ድህነት ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ የካሜራው ብርሃን የመቀበል መጠን (አይኤስኦ) 100 ላይ፣ ሹተሩ 200ኛ ከሆነ አፐርቸሩ 11 ግድም ይሆናል። ትንሽ ፍላሽ በዚህ ሁኔታ፣ ሰፋ ላለ ሌንስ ተስተካክሎ፣ ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶ ፀሐይን የሚስተካከለው እስከ ሦስት ሜትር ተኩል ባልሞላ ርቀት ነው። ሰፊ ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ስድስት ተኩል፣ ሰባት ሜትር መራቅ ግድ ነው። እዚያ ሲደርስ የፀሐይን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚያበራው። ስንት ጊዜ ረገምኩት! በኋላ ፎቶዎቹን አውጥቼ ሳያቸው ግን የሚያምሩት ፍላሹ ያቃተው የመሰለኝ ናቸው። ዓይኖቹ ተመልሰዋል፤ ጥላው ግን ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ቀኑ ቀትር እንደነበረ ያስታውቃል። ጉልበት ሞልቶኝ ከፀሐይ እኩል ባበራሁባቸው ላይ የሰው ፊት ጉርድ ፎቶ ሆኗል፤ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫ የሌለው፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር ያላቸው ሴቶች ግንባር እንደ ሳህን የሚያብለጨልጭበት።

ውለታ እንደዚያ ነው። የዋለልህ ሰው በየደረሰበት የሚያወራው ከሆነ ዕዳ ይሆንብሃል። ጥሩ ፍላሽ የበራለት ሰው ፎቶውን አይቶ «ፊቴ ዛሬ ጥሩ ነው» ይላል እንጂ «ጥሩ አበራህልኝ» አይልም። ባለሙያ ሲሆን ነው ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ሁለተኛ ነጥብ ፈልጎ የሚይዝህ።

ለኋላ ረድፍ የሚሆነውንም ቀስ በቀስ ደረስኩበት። ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ ማራቅ ነው፤ እንደ ፀሐይ። ከፊተኛው ረድፍ ዘጠኝ ሜትር፣ ከኋለኛው 12 ሜትር ብታቆመው ለኋለኛው የሚደርሰው የፊተኛው ሩብ መሆኑ ቀርቶ ከግማሽ ያልፋል። ዋጋው ከባድ ነው፤ በሦስት ሜትር ሲያበራ ከነበረው ዘጠነኛው እጅ ብቻ ይቀርሃል። ለሁሉም የሚበቃ እኩልነት ጉልበት ይበላል። ሌላው ዘዴ ደግሞ በጣም ይገርመኛል። ፍላሹን በረጅም ማቆሚያ ከፍ አድርጎ የብርሃኑን መሐል ወደ ኋለኞቹ ማቅናት ነው፤ ለፊተኞቹ ከጠርዙ የሚንጠባጠበው ይበቃቸዋል። ቅርብ ናቸዋ። ኋለኞቹን አስበህ ስታበራ ለፊተኞቹ ሳትሰጣቸው ይተርፋቸዋል፤ ገልብጠህ ስትሞክረው ግን አይሠራም።

በነገራችን ላይ ብርሃን ለማለስለስ የምንይዘው ዕቃ ጃንጥላ ነው። «ጥላ» ስሙ ውስጥ አለ፤ ሥራው ግን ብርሃን መበተን። የጥምቀት ዕለት ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ሥር የቆሙ ካህን ያነሳ ሰው ጃንጥላ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ፊታቸውም ነጩ ጥምጥማቸውም ቀይ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ላይ ፍላሽ ትንሽ ብልጭ ካላለ ካህኑን ከጃንጥላው መለየት አይቻልም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገና ጥንት ተገላግለዋል። ቅዱሳኑን ከፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸውን ሙሉ አድርገው ይስላሉ፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም፤ ከኋላ የተሰለፉት መላእክት ፊትም እንደ ፊተኞቹ የበራ ነው። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም።

የዚያችው ሙሽራ የመጀመሪያ ልጅ፣ ሴት ናት፣ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ጠሩኝ። ይቅር እንዳሉኝ ገባኝ። ተበድሬ ትልቅ ፍላሽ ገዝቼ ነበር፤ ባትሪው በትከሻ የሚነገት። ቦታውም በረንዳ የሌለው ሰፊ የአትክልት ሥፍራ ነው። ረዳቴ ማቆሚያውን ሽቅብ ዘረጋው፤ ወደ ኋላ ረድፍ አቀናነው። እታለም እንደ ልማዷ ከኋላ ቆማለች።

«እታለም፣ ነይ እንጂ ወደ ፊት፤ ከእማማ አጠገብ» አልኳት።

«እዚሁ ይሻለኛል፤ ድስቱንም አያለሁ።»

አልተከራከርኩም። እንዳትጠፋብኝ ግን ቆርጫለሁ። አፐርቸሩን አጠበብኩ፣ ፍላሹን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ከፀሐይ እጥፍ፣ ከእጥፍም በላይ እንዲያበራ። አነሳሁ።

ፎቶውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ጓዳ በር ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እጇን ጠርጋ ፎቶውን በጠርዝና በጠርዙ ያዘችው። ጣቷን ከፊተኛው ረድፍ አስነስታ ሳትነካቸው እየቆጠረች ሄደች፤ እማማ፣ ሕፃኗ፣ የክርስትና እናቷ፣ ያ ረጅሙ አጎት። ከኋላ ራሷን አገኘች። ቆየች። የነጠላዋ ጥለት፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ ዓይኗ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ጣቷ ከሰዎቹ ራስ በላይ ወጣ፤ እንደ ምሽት ጠቁሮ ወደ ወጣው ሰማይ።

«ሁላችንም አለን» አለች። «ግን አንተ ልጅ፣ ማታ ነው እንዴ የተነሳነው? እኔን እኮ ያን ቀን ፀሐዩ አናቴን በስቶኝ ነበር።»